ሁለት ጽሑፍ ያለው ውል በክፍል ውስጥ

ኒው ዚላንድ ለብዙዎቻችን ከአውስትራሊያ ማዶ ያለች፣ በካርታ ላይ አይተናት የምናልፋት አገር ነበረች። ማርች 15 ቀን 2019 በክራይስትቸርች ከተማ ለጁምዓ ሶላት በሁለት መስጂዶች በተሰበሰቡ ሰዎች ላይ አንድ አውስትራሊያዊ ተኩስ ከፍቶ 51 ነፍስ ካጠፋ ወዲህ ግን ስሟ በየቤታችን ገባ። (ከአሁኑ ልንገራችሁ፤ በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) በዚያ የሐዘን ሰሞን የትምህርት ቤት ልጆች በአደባባይ ተሰልፈው፣ ደረታቸውንና ጭናቸውን እየመቱ፣ መሬቱን በእግራቸው እየደለቁ ሃካ ሲያሰሙ በቴሌቪዥን ያየን ሁሉ ልባችን ተነክቷል። ሃካ የማኦሪዎች፣ ማለትም ከነጮቹ በፊት በዚያች ምድር ይኖር የነበረው ነባር ሕዝብ ሥርዓት ነው። ከሰልፈኞቹ መካከል ግን የነጮች ልጆችም፣ የስደተኞች ልጆችም ነበሩበት።

እኔን ያን ጊዜ የያዘኝ ጥያቄ ከሐዘኑ ለየት ያለ ነበር። እነዚህ ልጆች የማኦሪን ሃካ እንደ ራሳቸው አድርገው ማሰማት ተምረዋል። ማኦሪዎች መሬታቸውን እንዴት እንዳጡስ ተምረዋልን? ነገሩን ስከታተል የደረስኩበት መልስ አስገራሚ ነው፤ እንደ መምህሩና እንደ ትምህርት ቤቱ ፈቃድ! የአገሪቱ ሥርዓተ ትምህርት የራሷን የቅኝ ግዛት ታሪክ የግድ ይማሩ አይልም ነበር። አንድ ተማሪ የእንግሊዝን የቱዶር ነገሥታት ከነሚስቶቻቸው በስም እየጠራ፣ ከቤቱ ጥቂት ኪሎ ሜትር ርቆ የተደረገውን ጦርነት ግን ሳይሰማ ትምህርቱን ሊጨርስ ይችል ነበር። በዚያው በ2019 ዓመት በሴፕቴምበር ወር ጠቅላይ ሚኒስትር ጃሲንዳ አርደርን የአገሪቱ ታሪክ በሁሉም ትምህርት ቤቶች እንደሚሰጥ አስታወቁ፤ ከብዙ ክርክር በኋላም ከ2023 ጀምሮ ከ1ኛ እስከ 10ኛ ዓመት ላሉ ተማሪዎች ግዴታ ሆነ።

የዓለም ዳርቻ ያለች አገር ጉዳይ ለእኛ ምናችን ነው የሚል አንባቢ ይኖር ይሆናል። ነገሩ ግን እንደሚመስለው ሩቅ አይደለም። የታሪኩ እምብርት በሁለት ቋንቋ የተጻፈ አንድ ውል ነውና፤ የእንዲህ ያለውን ውል ነገር ደግሞ ከእኛ የበለጠ ማን ያውቃል?

ውጫሌን ያልተማረ ኢትዮጵያዊ ተማሪ የለም። ሜይ 2 ቀን 1889 አፄ ምኒልክና የኢጣሊያው መልእክተኛ ኮንት አንቶኔሊ ባደረጉት ውል አንቀጽ 17 በአማርኛው ንጉሡ ከሌሎች መንግሥታት ጋር ላላቸው ጉዳይ የኢጣሊያን መንግሥት አጋዥነት ቢፈልጉ መጠቀም እንደሚችሉ ሲናገር፣ በኢጣሊያንኛው ግን በዚያ በኩል ለመሥራት እንደተስማሙ አድርጎ ተናገረ። ሮማ ይህን ይዛ ኢትዮጵያ በጥበቃዬ ሥር ናት አለች። ምኒልክ ውሉን በ1893 አፈረሱ፤ ጉዳዩ ማርች 1 ቀን 1896 ዓድዋ ላይ ተለየ፤ በዚያው ዓመት በኦክቶበር በአዲስ አበባው ውል ውጫሌ ተሠረዘ። ይህን ሁላችንም እናውቀዋለን።

ከውጫሌ 49 ዓመት ቀደም ብሎ፣ ፌብሩዋሪ 6 ቀን 1840፣ በኒው ዚላንድ ሰሜን ዋይታንጊ በተባለ ቦታ የባሕር ኃይል መኮንኑ ዊልያም ሆብሰን በንግሥት ቪክቶሪያ ስም ከማኦሪ አለቆች ጋር ውል ተፈራረመ። የእንግሊዝኛውን ረቂቅ ወደ ማኦሪ ቋንቋ የመለሱት ሚስዮናዊው ሄንሪ ዊልያምስና ልጁ ኤድዋርድ ናቸው፤ የወሰደባቸውም ጊዜ አንድ ሌሊት ነው። ውሉ ሦስት አጫጭር አንቀጾች ብቻ አሉት። የአንድ አገር ዕጣ በሦስት አንቀጽ፣ በአንድ ሌሊት ትርጉም!

በእንግሊዝኛው አንቀጽ 1 የማኦሪ አለቆች ሉዓላዊ ሥልጣናቸውን ሙሉ በሙሉ ለንግሥቲቱ ያስረክባሉ። በማኦሪው ጽሑፍ ግን የሚያስረክቡት "ካዋናታንጋ" የተባለውን ነው። ይህ ቃል "ገቨርነር" የሚለውን እንግሊዝኛ በማኦሪ አንደበት "ካዋና" አሰኝቶ የተሠራ እንግዳ ቃል ነው፤ አገረ ገዥነት ብንለው ያስኬዳል። ማኦሪዎች ቃሉን የለመዱት ሚስዮናውያኑ ከተረጎሙት መጽሐፍ ቅዱስ ሲሆን እዚያ ጲላጦስ "ካዋና" ይባላል። ወደ አንቀጽ 2 ስንመጣ እንግሊዝኛው ማኦሪዎች መሬታቸውን፣ ደናቸውንና የዓሣ ማስገሪያቸውን ያለ ሥጋት ይዘው ይኖራሉ ይላል። ማኦሪው ግን በመሬታቸው፣ በመንደራቸውና "ታኦንጋ" በሚሉት ውድ ነገራቸው ሁሉ ላይ "ቲኖ ራንጋቲራታንጋ" እንዳላቸው ያረጋግጣል። ራንጋቲራ ማለት አለቃ፣ ባላባት ማለት ነው፤ ስለዚህ ቃሉ የባላባትነትን ሙሉ ሥልጣን ያመለክታል። እንግዲህ ፈራሚው የተነበበለት ወረቀት፣ አገረ ገዥ መጥቶ ሥርዓት የለሾቹን ነጮች ልክ ያስገባል፣ እኔም በአገሬ ላይ ጌታ እንደሆንኩ እኖራለሁ የሚል ነበር። ያኔ በአገሩ የነበሩት ነጮች 2 ሺህ ገደማ፣ ማኦሪዎቹ ደግሞ 80 ሺህ ገደማ መሆናቸውን ላስተዋለ፣ አለቆቹ እንዲህ መረዳታቸው የዋህነት አይደለም።

ውሉ ከቦታ ወደ ቦታ እየተዞረ በጥቂት ወራት ውስጥ ከ500 በላይ ሰዎች ፈረሙበት፤ ከነርሱም ሴቶች ይገኙባቸዋል። ከነዚህ ሁሉ በእንግሊዝኛው ጽሑፍ ላይ የፈረሙት 39 ብቻ ናቸው። ኋላ መንግሥት ሲያጣቅሰው የኖረው ግን እንግሊዝኛውን ነው። ያልፈረሙም ነበሩ፤ ታላቁ የዋይካቶ አለቃ ቴ ፌሮፌሮ አንዱ ነው። ሆብሰን ደግሞ ፊርማው ተሰብስቦ እስኪያልቅ እንኳ አልጠበቀም፤ በሜይ 21 አገሩ የእንግሊዝ መሆኑን አወጀ።

ታሪክ ያጠናሁ ሰው ነኝና ይህ ጉዳይ በልጆች ክፍል እንዴት ሊሰጥ ይገባል ብሎ መጠየቅ ልማዴ ነው። የእኔ አስተያየት ይህ ነው፤ ከሁሉ አስቀድሞ ሁለቱን ጽሑፎች በልጆቹ እጅ ማስገባት። ልጅ ስብከት ይሰለቸዋል። እንግሊዞች ክፉዎች ነበሩ፣ ማኦሪዎች ተበዳዮች ነበሩ ብሎ የሚጀምር መምህር ክፍሉን ከመጀመሪያው ደቂቃ ለሁለት ይከፍለዋል፤ ግማሹ ይኮራል፣ ግማሹ አንገቱን ይደፋል፣ የሚማር ግን የለም። ሁለት ወረቀት ሰጥታችሁ፣ ልዩነቱን ፈልጉ፣ እናንተ ብትሆኑ የትኛውን ትፈርሙ ነበር ስትሉ ግን የነጩም የማኦሪውም ልጅ በአንድነት መርማሪ ይሆናል። የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ በቃል መታለል ምን እንደሆነ ከእኛ በላይ ያውቃል።

ደግሞም የቃላቱ ነገር በጥንት ጊዜ የቀረ አይደለም። "ታኦንጋ" የሚለውን አንዱን ቃል ብቻ ውሰዱ። በ1867 የወጣው የነባሮች ትምህርት ቤቶች ሕግ ማስተማሪያው እንግሊዝኛ እንዲሆን ካዘዘ ወዲህ የማኦሪ ልጆች በትምህርት ቤት ቋንቋቸውን በመናገራቸው ሲገረፉ ኖረዋል፤ ቋንቋው ሊጠፋ ምንም አልቀረውም ነበር። በ1975 የተቋቋመው የዋይታንጊ ሸንጎ ግን በ1986 ጉዳዩን መርምሮ ቋንቋም ታኦንጋ ነው፣ ስለዚህ መንግሥት ሊጠብቀው በውሉ ግዴታ አለበት አለ። በቀጣዩ ዓመት ማኦሪ የአገሪቱ ኦፊሴላዊ ቋንቋ ሆነ። በ2014 ደግሞ ይኸው ሸንጎ በፌብሩዋሪ 1840 የፈረሙት አለቆች ሉዓላዊነታቸውን አላስረከቡም ብሎ ደመደመ። ከ170 ዓመት በላይ ቆይቶ አንድ ቃል ዳኛ ፊት ሲቆም ማየት ለተማሪ ቀላል ትምህርት አይደለም።

ይሁንና በወረቀቱ ላይ የሚቆም ትምህርት ግማሽ ትምህርት ነው፤ አደገኛም ነው። ልጁ ሁሉም ነገር የአስተርጓሚ ስሕተት ነበር ብሎ ወደ ቤቱ ይሄዳልና። መሬቱ በስሕተት አልተወሰደም። በሕግና በጦር ነው የተወሰደ።

ጁላይ 12 ቀን 1863 የእንግሊዝ ጦር የማንጋታፊሪን ወንዝ ተሻግሮ የዋይካቶን ምድር ወረረ። ዋይካቶ የማኦሪው ንጉሥ አገር ነበር፤ ማኦሪዎች የነጮቹ ብዛትና የመሬት ረሃብ ሲያሳስባቸው ቀደም ብለን ያነሣነውን ቴ ፌሮፌሮን በ1858 አንግሠው ነበርና። እዚያ ራንጊያኦፊያ የሚባል መንደር ነበር። ማኦሪዎቹ ስንዴ እያመረቱ፣ በራሳቸው ወፍጮ እየፈጩ እስከ ኦክላንድ ገበያ ይልኩ ነበር፤ ያልሠለጠኑ የሚሏቸው ሰዎች ማለት ነው። ፌብሩዋሪ 21 ቀን 1864፣ በእሑድ ማለዳ፣ ብዙ ሴቶች፣ ሕፃናትና ሽማግሌዎች በነበሩበት በዚህ መንደር ጦሩ ድንገት ደረሰ። ሰዎች የተጠለሉበት አንድ ቤት በእሳት ተያያዘ፤ ውስጡ የነበሩት አለቁ። መንግሥት በዚያው በ1863 ባወጣው ሕግ ዐመፁ የተባሉትን መሬት መውረስ ጀምሮ በዋይካቶ ብቻ 1.2 ሚሊዮን ኤከር ገደማ ወሰደ። መሬቱም ለወታደሮችና ለሰፋሪዎች ታደለ። ዛሬ ሃሚልተን የምትባለው ትልቅ ከተማ የቆመችው በዚሁ መሬት ላይ ነው። ስሟን ያገኘችው ከአንድ የባሕር ኃይል ካፒቴን ሲሆን ሰውየው በ1864 በሌላ ቦታ ማኦሪዎችን ሲዋጋ የሞተ ነው፤ ከተማዪቱን በዓይኑ አላያትም። ሐውልቱ በ2020 ተነሣ። የሃሚልተን ልጅ ታሪክ ሲማር መጽሐፍ መግለጥ እንኳ ላያስፈልገው ነው፤ የከተማውን ስም ማን አወጣው ብሎ መጠየቁ ይበቃዋል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልጨምር። እኛ በዓድዋ ድል ባደረግንበት በ1896 በኒው ዚላንድ የሕዝብ ቆጠራ ተደርጎ ማኦሪዎቹ 42 ሺህ ገደማ ብቻ ሆነው ተገኙ፤ ውሉ ሲፈረም ከነበሩት እኩሌታ ያህል ማለት ነው። በሽታው፣ ጦርነቱና መሬት ማጣቱ ተደማምረው ነበር። ሁለት ጽሑፍ ባላቸው ሁለት ውሎች መካከል የነበረው የጉልበት ልዩነት በዚህ አንድ ዓመት ላይ ይታያል። የእኛ ልጆች ስለ ውጫሌ ሲማሩ፣ ዓድዋ ባይኖር ኖሮ አንቀጽ 17 ምን ይሆን እንደነበር የሚያሳያቸው አገር ዋይታንጊ ነው።

የዋይካቶን ጦርነት ወደ ትምህርት ቤት ደጅ ያመጡት ምሁራን ብቻ አይደሉም፤ ልጆች ናቸው። በዚያው አካባቢ ያለ የኦቶሮሃንጋ ኮሌጅ ተማሪዎች ራንጊያኦፊያንና ሌላውን የጦር ሜዳ ኦራካውን ጎብኝተው፣ ከሽማግሌዎች የሰሙትን ሲሰሙ፣ ይህ ሁሉ ከቤታችን አጠገብ ሆኖ ሳለ ለምን አልተነገረንም ብለው ተነሡ። ፊርማ አሰባስበው ከ12 ሺህ በላይ ሰው የፈረመበትን አቤቱታ በ2015 ለፓርላማ አቀረቡ። የመታሰቢያ ቀን ተፈቀደላቸው፤ የትምህርቱ ጥያቄ ግን ገና ዓመታት ጠብቋል። እኔ ከዚህ ሁሉ ታሪክ ደስ የሚለኝ ይህ ክፍል ነው። ልጆች እውነቱን አይችሉትም እያልን የምንሸሽገው እኛ ነን እንጂ እነርሱማ ራሳቸው እየጠየቁን ነው።

ትምህርት ቤት ያልነበረ ታሪክ ሊፈጥርም እንደሚችል አይረሳ። በኒው ዚላንድ ለተማሪዎች የሚታደል "ስኩል ጆርናል" የተባለ የመንግሥት መጽሔት በ1916 ያወጣው ጽሑፍ ከማኦሪዎች በፊት በዋናዎቹ ደሴቶች ላይ ሞሪዮሪ የሚባል ደካማ ሕዝብ ይኖር እንደነበርና ማኦሪዎች አባርረው እንዳጠፉት የሚናገር ነበር። ሐሰት ነው። ሞሪዮሪዎች የማኦሪዎች ዘመድ ሲሆኑ አገራቸውም በምሥራቅ ያሉት የቻታም ደሴቶች ናቸው። ይህ ተረት ግን ትውልድ ሲቀባበለው ኖረ። ለምን ይመስላችኋል? ማኦሪዎችም ከሌላ የቀሙት መሬት ከሆነ የእኛ መቀማት ምን ነውር አለው የሚል መጽናኛ ለሰፋሪው ስለሚሰጥ ነው።

እውነተኛው የሞሪዮሪ ታሪክ ደግሞ ሌላ ዓይነት ጥንቃቄ ይጠይቃል። በ1835 ከዋናው ምድር በአውሮፓውያን መርከብ የሄዱ ሁለት የማኦሪ ጎሳዎች ጦርነትን እርም ያሉትን ሞሪዮሪዎችን ገድለዋቸዋል፣ የተረፉትንም ባሪያ አድርገዋቸዋል። ይህን ለልጆች ማስተማር ይገባል ወይ? አዎን፣ ይገባል። ነባርን ሕዝብ መልአክ አድርጎ መሣል ሰው አለመሆኑን መናገር ነው። የሥርዓተ ትምህርቱ ረቂቅ በ2021 ሲወጣ በሮያል ሶሳይቲ የተሰበሰቡ ምሁራን ካቀረቡት ነቀፋ አንዱ ከማኦሪዎች መምጣት እስከ አውሮፓውያን መምጣት ያለውን 600 ዓመት መዝለሉ ነበር። ነቀፋው ትክክል ይመስለኛል። ማኦሪው ታሪኩ የሚጀምረው ነጭ ሲበድለው ከሆነ ይህም ሌላ ቅኝ ግዛት ነው።

የተቃዋሚዎቹን ቃል መዝለል ግን ደግ አይሆንም። ትምህርቱ ልጆችን ይከፋፍላል፣ የነጩን ልጅ ባልሠራው ኃጢአት ያሳፍረዋል ይላሉ። ክርክሩ ከክፍልም አልፎ ፓርላማ ገብቶ የውሉን መርሆዎች በአዲስ ሕግ እንተርጉም የሚል ረቂቅ በ2024 ቀርቦ፣ ብዙ ሺህ ሕዝብ ወደ ዌሊንግተን በእግሩ ተምሞበት፣ ኤፕሪል 10 ቀን 2025 በ112 ድምፅ ለ11 ወድቋል። የወላጆቹ ሥጋት ከንቱ ነው አልልም፤ ክፉ መምህር እጅ ከወደቀ የተባለው ሁሉ ሊደርስ ይችላል። ነገር ግን ማፈርና ማወቅ አንድ አይደሉም። ልጁ የተጠየቀው አያትህ ምን ሠራ የሚለውን እንጂ አንተ ምን ሠራህ የሚለውን አይደለም። በእኛ አገር ውጫሌን ማስተማር ቀላል የሆነው ተበዳዮች ስለነበርን፣ በዚያም ላይ ስላሸነፍን ነው፤ ከአንድ ወገን ብቻ የተነገሩ ሌሎች ገጾቻችንን ስንከፍት እጃችን እንደሚንቀጠቀጥ የማያውቅ መምህር የለም። የእርሱን ነገር ለሌላ ቀን ልተወው።

ደቡብ ኦክላንድ የሚኖር አንድ ወዳጄ ባለፈው ረመዷን በስልክ ስናወጋ ያጫወተኝን ግን ልንገራችሁ። ወዳጄ ታክሲ ነጂ ነው፤ ከአውሮፕላን ማረፊያው መንገደኛ ሲያመላልስ ውሎ ያድራል። አሥር ዓመት የሆነው ልጁ ከትምህርት ቤት መጥቶ፣ "አባ፣ እኛ ከየትኛው ወገን ነን?" አለው። "ከየትኛውም አይደለንም፤ በሰው ጠብ ምን አገባን" ብሎ መለሰለት። ልጁም ዝም አለ።

"ጥሩ አላልከውም" አልኩት።

"ታዲያ ምን ልበለው ወንድሜ? መሬት አልወሰድን፣ አልተወሰደብን" አለኝ።

ነገሩ እውነት አለው። ነገር ግን ወዳጄ በየቀኑ የሚመላለስበት ማረፊያ አጠገብ ኢሁማታኦ የሚባል ቦታ አለ፤ ከማኦሪዎች በ1863 ተወርሶ ለሰፋሪ ቤተሰብ የተሰጠ፣ በኋላ ለቤት ሠሪ ኩባንያ የተሸጠ፣ የቦታው ተወላጆች ዓመታት ተቀምጠው ሲሟገቱበት በ2020 መጨረሻ መንግሥት መልሶ የገዛው መሬት ነው። በዚያ አገር ከማኦሪ ውጭ ያለውን ሁሉ፣ ነጩንም ስደተኛውንም፣ "ታንጋታ ቲሪቲ" የሚሉት አባባል አለ፤ የውሉ ሰዎች ማለት ነው። በውሉ ምክንያት በአገሩ የመኖር መብት ያገኙ፣ ስለዚህም የውሉ ግዴታ የሚመለከታቸው ለማለት ነው። የእኛ ልጅ እዚያ ፓስፖርት ሲወስድ የተዋዋይ ልጅ ሆኗል። ይህን ነው ለወዳጄ የነገርኩት። ልጁን አንድ ቀን ኢሁማታኦ ይዞት እንዲሄድም መከርኩት፤ መንገዱን እንደሆነ ከማንም በላይ ያውቀዋል።

ለአገር ቤት የታሪክ መምህራን የማቀርበው ሐሳብ ብዙ ወጪ የሚጠይቅ አይደለም። ውጫሌ በሚማሩበት ሳምንት አንድ ክፍለ ጊዜ ለዋይታንጊ ይሰጥ። ሁለት ዓምድ ያለው አንድ ገጽ ይባዛ፤ በአንደኛው ወገን የአንቀጽ 17 ሁለት መልኮች፣ በሌላው ወገን የዋይታንጊ አንቀጽ 1 እና 2 ከነሁለት መልካቸው በአማርኛ ይቀመጡ። የማኦሪው ጽሑፍ ቃል በቃል ሲመለስ ምን እንደሚል ሰር ሂዩ ካውሃሩ የተባሉ የማኦሪ ምሁር በ1989 በእንግሊዝኛ አውጥተውታል፤ ከዚያ መመለስ ይቻላል። ከዚያም ተማሪዎቹ በአራት በአራት ተቀምጠው፣ አንዱ አለቃ፣ አንዱ አስተርጓሚ፣ አንዱ የንግሥቲቱ መልእክተኛ፣ አንዱ ከሃያ ዓመት በኋላ መሬቱ የተወረሰበት ልጅ ሆነው ይከራከሩ። አስተርጓሚ የሚሆነው ተማሪ ከሁሉ የተቸገረ እንደሚሆን እገምታለሁ፤ መምህሩ ቶሎ ባይደርስለት ጥሩ ነው።

የውሉ ወረቀቶች ዘጠኝ ናቸው። አንድ ጊዜ በመንግሥት ሕንፃ ምድር ቤት ተጥለው አይጥ ሲበላቸው ኖሮ በ1908 አንድ ሐኪም አገኛቸው። ከ2017 ጀምሮ በዌሊንግተን ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት በመስታወት ውስጥ ተቀምጠዋል፤ የትምህርት ቤት ልጆች በየጊዜው እየመጡ ያዩአቸዋል። አይጥ የበላው ጠርዝ በግልጽ ይታያል፤ 39 ፊርማ ያለበት የእንግሊዝኛው ወረቀትም ከሌሎቹ ጋር አለ።